ስምንተኛው እርምጃ

መርማሪዋ ስትደርስ ንጉሡ መድረኩ ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ዘውዱ ተንከባሎ ከመጀመሪያው ረድፍ ወንበሮች ሥር ገብቷል፤ ጎንበስ ብሎ የሚያነሳው ሰው አልተገኘም። ራስጌው ላይ ሚስቱ ተቀምጣለች። አታለቅስም። የልብስ ሰፊዎች እንደሚያደርጉት በግራ አንጓዋ ላይ የመርፌ መሰኪያ አስራለች፤ ከእሱ ላይ አንድ መርፌ ትነቅላለች፣ መልሳ ትሰካለች፣ ትነቅላለች፣ ትሰካለች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ሳጅኑ ፈጥኖ ደብተሩን ገለጠ። መርማሪዋ በእጇ ከለከለችው።

«ቆይ። አሁን አይጻፍም።»

ሟቹን ሁሉም «ንጉሡ» ይለዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከንጉሥ በቀር ሌላ ሆኖ ተጫውቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ለምነው ገበሬ ቢያደርጉት፣ ተመልካቹ ገበሬው መቼ ነው የሚነግሠው እያለ ሲጠብቅ ትርኢቱ አለቀ እየተባለ ይቀለድ ነበር። ነገ የሚከፈተው ተውኔትም የንጉሥ ነው፤ ሦስት ጊዜ ተመክሮ ሦስቱንም ጊዜ ያልሰማ ንጉሥ። በመጨረሻው ትዕይንት ከዙፋኑ ይነሳል፣ አገጩን ቀና ያደርጋል፣ ከእንጨት በተሠራው ሰገነት ላይ ዘጠኝ እርምጃ ተራምዶ ጠርዙ ላይ ይቆማል፣ የመጨረሻ ቃሉን ይናገራል። ዛሬ ከቀትር በኋላ፣ ሙሉ ልብስ ተለብሶ በተደረገው የመጨረሻ ልምምድ፣ ንጉሡ ጠርዙ ላይ አልቆመም። ሰገነቱ ሁለት ሰው ተደራርቦ ቢቆም የሚያክል ቁመት አለው።

ትዕይንቱ የሁለት ሰው ስለሆነ የቀሩት ተዋንያን ቀድመው ተሰናብተዋል። ከንጉሡ ሌላ በቲያትር ቤቱ ውስጥ የነበሩት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ የአልባሳት ክፍሉን የምትመራው ሚስቱ፣ አዘጋጁ፣ የንጉሡን ልጅ የሚጫወተው ወጣት ተዋናይና ሽማግሌው አናጢ።

መርማሪዋ ሃምሳ ዓመት ሊሞላት የተቃረበ፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። መነጽሯን የምታወጣው ከወንድ መነጽር ማኅደር ነው። ማኅደሩ ጥግ ጥጉ ተልጧል፤ ለምን እንደማትለውጠው ጠይቋት የሚያውቅ የለም።

ሚስትየውን ይዛ ወደ ልብስ ስፌቱ ክፍል ገባች። ክፍሉ ጠባብ ነው። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም መስተዋት፣ ግድግዳውን ሞልቶ የተሰቀለ የነገሥታት ልብስ። ጠረጴዛው ላይ የተረፈ ቀይ ጨርቅ ተዘርግቷል።

«ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

«ዓይኑ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው» አለች ሚስት። «ድንገት አይደለም። ከዳር ከዳር እየጨለመ መጣ። አሁን ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የሚለየው። የሚለየው ነበር።»

«ማን ያውቃል?»

«ሐኪሙ። እኔ። አናጢው።»

«እንዴት ደበቃችሁት?»

«ክንዱን እይዛለሁ። ጆሮው ሥር ‹ደረጃ አለ፣ ሁለት› እለዋለሁ። ‹በግራህ ሰውየው እጁን ዘርግቷል› እለዋለሁ። ሰው በስተርጅና ፍቅር ጠናባቸው እያለ ይስቅብን ነበር።» ቀይ ጨርቁን አጠፈችው። «እኛም እንስቅ ነበር።»

«መድረክ ላይስ?»

«መድረክ ላይ በቁጥር ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቀሚሱን ለብሶ ነው የሚለማመደው። ቀሚሱ ከጉልበት በታች ጠባብ ነበር፣ እርምጃው አጭር ነው፣ ከዙፋኑ እስከ ጠርዙ ዘጠኝ። ጠርዙ ላይ ደግሞ ርዝመቷ ስንዝር ከግማሽ የምትሆን ቀጭን እንጨት አስመትቼለታለሁ። የጫማው አፍ፣ የፊቱ ጫፍ፣ እንጨቷን ሲነካ ይቆማል። ከታች ሆኖ ለሚያይ አትታይም።»

«ዛሬ ምን ተለወጠ?»

ሚስት መርፌ ነቀለች። «ትናንት ከዙፋኑ ሲነሳ ጉልበቱን ያዘ። አንጀቴን በላው። ዛሬ ጠዋት የቀሚሱን ሁለት ጎን ተርትሬ ጨርቅ ቀጠልኩበት፣ እንዲሰፋው። አልነገርኩትም። ብነግረው አይሆንም ይለኝ ነበር፤ እርምጃዬን አትንኪብኝ ይል ነበር። ጫማው አዲስ ነው፣ እንዳያዳልጠው ብዬ ታቹን ጠመኔ ቀባሁለት። ስለሚያዳልጠው ነገር አሰብኩ እንጂ ስለ እርምጃው አላሰብኩም። ቀሚሱ ሲሰፋ እርምጃው ረዘመ። እንጨቷን ተሻግሮ ሄደ።»

«ሲወድቅ ምን አሉ?»

«ጮህኩ። ‹ልብሱ ነው! እኔ ነኝ!› ብዬ።» መርፌውን ሰካች። «ሁሉም ሰምተዋል።»

ውጭ ሳጅኑ ሲጠብቅ ነበር። «ኢንስፔክተር፣ ይኼ እኮ አለቀ። በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው። ራሷ አምናለች፣ ምስክርም አለ።»

«ሰው አምኗል ማለት አለቀ ማለት ነው?»

«አብዛኛውን ጊዜ።»

«እንግዲያው የቀረችውን ትንሽ ጊዜ እንያት» አለችና ወደ አዳራሹ ወረደች።

አዘጋጁ ሰባተኛው ረድፍ ላይ፣ በተለመደ ቦታው ተቀምጧል። አንገቱ ላይ በጥንቃቄ የተጠመጠመ ስካርፍ አለ። የተውኔቱን ጽሑፍ በሰፊ የቆዳ መያዣ ከቶ ጭኑ ላይ አስቀምጦታል፤ ክርኑን ደግሞ እላዩ ላይ። አዘጋጅ ከመሆኑ በፊት አስተማሪ ነበር፣ ከሆነም በኋላ ማስተማሩን አልተወም።

«ተማሪዎቼን ሃያ ዓመት ያስተማርኩት ነገር ነው ዓይኔ ሥር የሆነው» አለ። «የትራጄዲ ጀግና የሚወድቀው ጠላት ገፍትሮት አይደለም፣ ኢንስፔክተር። በውስጡ ባለ አንድ እንከን ነው። እንከኑ ደግሞ ከታላቅነቱ ተለይቶ የቆመ ነገር አይደለም። ያው አንዱ ጨርቅ ነው፤ በፊቱ ታላቅነት፣ በጀርባው እንከን።»

«የእሱ እንከን ምን ነበር?»

«ኩራት። ‹ንጉሥ ወደ እግሩ አያይም› ይል ነበር። ዙፋኑን ትንሽ ወደ ኋላ እንሳበው ብለው፣ እዚህ ጋ ጎንበስ በል ብለው፣ አንድ ቃል አይሰማም። በተዋንያን ፊት ‹አንተ መጽሐፍህን አንብብ፣ እኔ ልንገሥ› ብሎኝ ያውቃል። ሁሉም ሳቁ።»

«እርስዎስ?»

«እኔም ሳቅኩ። ምን አደርጋለሁ?»

«ዓይኑ እንደማያይ ያውቁ ነበር?»

«በፍጹም! አሁን ከባለቤቱ አፍ ነው የሰማሁት። ባውቅ እዚያ ላይ አወጣው ነበር?»

«ሲወድቅ የት ነበሩ?»

«እዚህ። ወዲያው በመካከለኛው መተላለፊያ ሮጬ ወረድኩ።»

መርማሪዋ ስለ ሁለተኛው ትዕይንት ጠየቀችው። መነጽሩን አድርጎ ጽሑፉን ገለጠና በጣቱ እየተከተለ አነበበላት። ስለ አራተኛው ጠየቀችው። አሁንም ገልጦ አነበበ።

«የመጨረሻውንስ? ከዙፋኑ ሲነሳ ያለውን?»

አዘጋጁ መያዣውን ዘጋው። «እሱን በቃሌ አውቀዋለሁ» አለና አንድም ሳይሳሳት ተናገረው። ድምፁ ያምራል።

«ጽሑፉን አንድ ሰዓት ቢያውሱኝ?»

«ይቅርታ፣ ማስታወሻ የበዛበት ነው። ከልጁ ይውሰዱ፤ የሱ ንጹሕ ነው።»

«ለመሆኑ በዚህ ሞት እርስዎ ላይ ያለ ጥፋት የለም?»

«እኔ ላይ?» አዘጋጁ ስካርፉን አስተካከለ። «ኢንስፔክተር፣ እኔ ተመልካች ነበርኩ።»

ወጣቱ ተዋናይ ከመጋረጃው ጎን፣ የልዑል ልብሱን እንደለበሰ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። ንጉሡ አንድ ቀን ቢታመም እሱ እንዲተካ የተመደበ ስለሆነ «አልጋ ወራሽ» የሚል ስም አውጥተውለታል።

«አራት ዓመት ነው የምጠብቀው» አለ። «‹ጋሼ፣ እርስዎ ሳይታመሙ እኔ ጡረታ ልወጣ ነው› እለው ነበር። ‹አንተ ልጅ፣ ዘውዱ ጆሮህ ላይ ነው የሚቆመው፣ መጀመሪያ ጭንቅላት አብቅል› ይለኛል። እንዲህ ነው የምንጫወተው። እና...» የገዛ ቀልዱን አሁን ገና የሰማው ይመስላል።

«እና?»

«እኔም አለሁበት፣ ኢንስፔክተር። የዛሬ ስምንት ቀን ጋሼ በኮሪደሩ ሲያልፍ፣ ኮት መስቀያው ላይ የተንጠለጠለውን ካፖርት ቆሞ ሰላም አለው። ‹እንደምን ዋልክ፣ ልጆቹስ?› አለው። መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎኝ ፈረስኩ በሳቅ። ከዚያ መልስ ሲጠብቅ አየሁት። ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ይጠብቃል።»

«ለማን ነገርክ?»

ወጣቱ በሁለት እጁ ፊቱን ያዘ። «ለአዘጋጁ። እኔ... ለጋሼ አስቤ ነው ብዬ ነበር ለራሴ። እውነቱን ልንገርዎት? ቦታውን ፈልጌ ነው። አዘጋጁ ‹ተወው፣ እኔ አውቃለሁ› አለኝ። በማግስቱ ሰገነቱ ላይ ወጥቶ ጎንበስ ብሎ ጠርዙን ሲዳብስ አይቼዋለሁ። ለጥንቃቄ መስሎኝ ደስ አለኝ።»

«ዛሬ ሲወድቅ ማን ምን አደረገ?»

«እትዬ ከሁሉም ቀድማ ደረሰች። እኔ ከጎን ዘልዬ ወረድኩ። አናጢው ወደ ስልኩ ሮጠ። አዘጋጁ ቆየት ብሎ ‹አትንኩት!› አለ።»

«በየት በኩል መጣ?»

«እኔ ፊቴን ወደ ወንበሮቹ አዙሬ ነበር የተንበረከክሁት።» አሰበ። «ድምፁ ከኋላዬ ነው የመጣው። ከሰገነቱ በኩል።»

አናጢው ሰገነቱ ላይ፣ ዙፋኑ አጠገብ ቆሞ ጠበቃት። ሜትሩን እንደ መቁጠሪያ በእጁ ያገላብጣል።

«ነይ ልጄ፣ ቀስ ብለሽ ውጪ» አላት። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሌላ ሰው አትድከሚ።»

«እርስዎም?»

«ድጋፍ ልሥራልህ አልኩት። ‹ድጋፍ ይዞ የሚናገር ንጉሥ የት አየህ?› ብሎ ሳቀብኝ። ሃምሳ ዓመት እንጨት ስመታ ሰው ደረጃ ሲወርድ የሚይዘው ሳልሠራ ቀርቼ አላውቅም። ለእሱ ሲሆን እንደ ክርታስ የሳሳች አንዲት እንጨት መትቼ ተውኩት። አፈርኩት። ንጉሥ ነዋ።»

ሰገነቱ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። «መቼ ቀቡት?»

«ዛሬ ጠዋት፤ ወለሉንም እንጨቷንም። በምሳ ሰዓት ለእግር ደርቋል። በእጅ ይዘሽ ብትጫኚው ግን እስካሁን ይይዝሻል።»

መርማሪዋ መነጽሯን ከማኅደሩ አውጥታ ተንበረከከች። በጥቁሩ ወለል ላይ የጠመኔ ዱካ አለ፣ ከዙፋኑ የሚነሳ፣ በቀጥታ ወደ ጠርዙ የሚሄድ። አናጢው በሜትሩ ጫፍ እየነካ ቆጠረ።

«አንድ... ሁለት... ሦስት...» ጠርዙ ጋ ሲደርስ ሜትሩን አነሳ። «ስምንት። ዘጠነኛው የለም።»

ዘጠነኛው አየር ላይ ነበር።

ስምንተኛው ዱካ ተረከዙ ይታያል፣ መሃሉም ይታያል። አፉ ግን የለም። ልክ ቀጭኗ እንጨት ስትጀምር፣ በቢላ እንደተቆረጠ ዳቦ ቀጥ ብሎ ያበቃል። እንጨቷ ላይ አንዲት የጠመኔ ብናኝ የለም።

«እነዚህን ምስማሮች እርስዎ ናቸው የመቷቸው?» ብላ ጠየቀች።

አናጢው ዓይኑን አጠበበ፣ ጣቱን በምስማሩ ራስ ላይ አሳለፈ። ፊቱ ተለወጠ። «እኔ ምስማር ራሱን አላስቀርም፣ ልጄ። አስገብቼ ነው ቀለም የማለብሰው። ይኼ ወጣ ብሏል። ሁለቱም ወጣ ብለዋል።»

«ጉጠት አለዎት?»

ሽማግሌው ከኪሱ አወጣ። ጎንበስ ብሎ የመጀመሪያውን ምስማር ያዘ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ አራቱም በመጀመሪያው ረድፍ ወንበሮች ላይ ተቀመጡ። ሬሳው በመጋረጃ ጨርቅ ተሸፍኗል። መርማሪዋ ፊት ለፊታቸው ቆመች።

«እኔ ተውኔት ብዙ አላይም» አለች። «ስለ ጀግና እንከን ዛሬ ከእርስዎ ነው የተማርኩት፣ አዘጋጅ። ስለዚህ ከዚያው ልጀምር። ንጉሡ ኩሩ ነበር። ዓይኑ መጥፋቱን ሰው እንዲያውቅበት አልፈለገም። ድጋፍ እምቢ አለ። ይህ እውነት ነው። ግን በዚሁ እንከኑ ሁለት ዓመት ተራምዶበታል፤ አንድ ቀን አልወደቀም። እንከን ብቻውን ሰው አይገድልም። ቦታውን አውቆ እዚያ ላይ እጁን የሚያሳርፍ ሰው ያስፈልጋል።»

ሚስት አንገቷን ደፋች። «ያ ሰው እኔ ነኝ ብያለሁ።»

«አዎ ብለዋል። እስኪ ልብሱን እንየው። ቀሚሱ ሰፋ፣ እርምጃው ረዘመ። ዱካውን ቆጥረነዋል። ሌላ ቀን በዘጠኝ የሚደርስበት ቦታ ዛሬ በስምንት ደርሷል። ታዲያ ስምንተኛው ላይ የጫማው አፍ ምን መንካት ነበረበት?»

አልጋ ወራሹ ቀና አለ። «እንጨቷን።»

«እንጨቷን ሲነካ ምን ያደርጋል?»

«ይቆማል» አለች ሚስት ቀስ ብላ። «ቁጥሩ ቢጎድልም ይቆማል። ‹ቁጥር ይሳሳታል፣ እንጨት አይሳሳትም› ይል ነበር።»

«አልቆመም። ለምን? ተሻገራት እንዳንል፣ አፉ እንጨቷ ላይ አላረፈም፤ ጠመኔ የለባትም። ስለዚህ አባባን እንጨቷን እንዲነቅሉልኝ ለመንኳቸው።» ወደ አናጢው ዞረች። «ከሥሯ ምን አገኘን?»

«ዱካውን» አለ ሽማግሌው። «የጫማው አፍ ከሥሯ ነው። ሙሉ። ነጭ ሆኖ።»

ሚስት የነቀለችውን መርፌ መልሳ አልሰካችውም።

«ንጉሡ ሲረግጥ እንጨቷ እዚያ አልነበረችም ማለት ነው» አለች መርማሪዋ። «በምሳ ሰዓት አንድ ሰው ነቅሏታል። ከወደቀ በኋላ ደግሞ ያው ሰው በቦታዋ መልሷታል፣ ዱካው ላይ። መዶሻ አልነበረውም፤ ምስማሮቹን በድሮ ቀዳዳቸው አግብቶ በጫማው ተረከዝ ነው የተጫናቸው። ለዚህ ነው ራሳቸው ወጣ ብሎ የቀረው። ማን ነው? እትዬ ከሬሳው አልተለዩም። ልጁ አጠገባቸው ነበር። አባባ በስልክ እርዳታ ሲጠሩ ነበር፤ ጥሪውን የተቀበሉት ሰዓቱን ጽፈውታል። አራተኛው ሰው በመካከለኛው መተላለፊያ ወረድኩ ብሎኛል። ድምፁ ግን ከሰገነቱ በኩል ነው የመጣው።»

አዘጋጁ ፈገግ አለ። «የደነገጠ ልጅ ድምፅ በየት እንደመጣ ያውቃል?»

«ላያውቅ ይችላል። የዓይኑን ነገር ግን የዛሬ ስምንት ቀን እንደነገረዎት አልረሳውም። እርስዎ ዛሬ ነው የሰማሁት አሉኝ። በማግስቱ ሰገነቱ ላይ ሲዳብሱ ያገኙት ምን ነበር?»

«ግምት ነው ይሄ ሁሉ።»

«እንግዲያው ጽሑፉን ይግለጡልኝ። የመጨረሻውን ገጽ።»

አዘጋጁ አልተንቀሳቀሰም። መያዣው ላይ ያለው ክርኑ ከበደ።

«ለሁለተኛው ትዕይንት ገለጡልኝ» አለች መርማሪዋ በዚያው ዝግ ባለ ድምፅ። «ለአራተኛውም። የሞቱ ገጽ ላይ ስንደርስ ግን በቃልዎ ተናገሩት። ሁለት መስመር ያለ መነጽር የማያነብ ሰው።»

ሳጅኑ ቀርቦ መያዣውን ወሰደ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ገጾች ተጣብቀዋል። ቀስ ብሎ ሲለያያቸው፣ ስንዝር ከግማሽ የሚሆን ጥቁር የቀለም መስመር ከጥግ እስከ ጥግ ታየ። በሁለቱም ጫፎቹ ላይ የምስማር ቀዳዳ አለ፤ እንጨቷ ተደብቃ የቆየችው እዚህ ነበር።

አዘጋጁ መስመሩን አየው። ሲናገር የመድረክ ድምፁ ጠፍቶ ነበር።

«እንዲያጎነብስ ነው የፈለግኩት። አንዴ ብቻ። ዘጠኝ ቆጥሮ እንጨቷን ሲያጣ ግራ ይገባዋል፣ ይቆማል፣ ተንበርክኮ በእጁ ይፈልጋል ብዬ ነው። በኔ ፊት። በልጁ ፊት። ‹አላይም፣ እርዱኝ› እንዲል። እኔ ሄጄ እጁን ልይዘው ነበር። ነገ ልጁን አስገብተን እሱን በክብር... እግዚአብሔር ያውቃል፣ ሞቱን አልፈለግኩም። ቀሚሱ መስፋቱን ማን ነገረኝ? ዘጠኙ ላይ ይቆም ነበር እኮ!»

«አምንዎታለሁ» አለች መርማሪዋ። «ሞቱን አልፈለጉም። ስሕተት ነበር፤ ዓላማውን የሳተ ነገር። ከእርሱ በኋላ የሆነው ግን ስሕተት አይደለም። እትዬ ‹ልብሱ ነው፣ እኔ ነኝ› ብለው ሲጮሁ እርስዎ ሰገነቱ ጋ ነበሩ፣ እንጨቷ እጅዎ ላይ ነበረች። ሰሙ። ከዚያ መልሰው አስገቧት። በዚያች ደቂቃ ምን እንደሚያደርጉ በደንብ ያውቁ ነበር። ይህች ሴት በቀረላት ዕድሜ ባሌን በመርፌዬ ገደልኩት እያለች እንድትኖር ነው የተረከዝዎን ጫና ያሳረፉት።»

አዘጋጁ ወደ ሚስትየው ዞረ። እሷ ግን አላየችውም።

«ዛሬ ከዚህ ቤት ሰዎች አራቱን ጠየቅኩ፣ ሦስቱ አጥፍተናል አሉኝ» አለች መርማሪዋ። «የለሁበትም ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሳጅን፣ አሁን መጻፍ ትችላለህ።»

አዘጋጁን ይዘውት ሲወጡ አናጢው ተነስቶ መንገድ ሰጠው፤ ከልማድ ይሁን ከሌላ አልታወቀም። አልጋ ወራሹ ከወንበር ሥር ዘውዱን አወጣ። አቧራውን በእጅጌው ጠረገውና የት እንደሚያኖረው ጠፍቶት ቆመ።

«እትዬ፣ እኔ ባልናገር ኖሮ...»

«ዘውዱን ልብስ ክፍል አስቀምጠው፣ ልጄ» አለችው። «ከመስተዋቱ አጠገብ። ቦታው እዚያ ነው።»

ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ። ሚስት የመርፌ መሰኪያውን ከአንጓዋ ፈትታ ጭኗ ላይ አኖረችው። ታስሮበት የዋለው ቦታ ቀልቷል።

«ልብሱ አይደለም ማለት ነው?»

መርማሪዋ ልትዋሻት አልፈለገችም። «ልብሱ እርምጃውን አረዘመው። እንጨቷ ብትኖር ታስቆመው ነበር።»

«ሁለት ዓመት ዓይኑ ሆኜ ኖርኩ። ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ሰው ብቻ ደፍሬ ብናገር ኖሮ ዛሬ ቤት ቁጭ ብሎ ይቆጣኝ ነበር። ኩራቱ የእሱ ብቻ አልነበረም፣ ኢንስፔክተር። እኔም የንጉሥ ሚስት መሆን ደስ ይለኝ ነበር። ይህን የት ነው የምትጽፉት?»

መርማሪዋ መነጽሯን አውልቃ ወደ ማኅደሩ መለሰችው። ክዳኑን ወዲያው አልዘጋችውም።

«ይሄ አይጻፍም» አለች።

ተሸካሚዎቹ መጡ። ቃሬዛውን አንስተው በመካከለኛው መተላለፊያ፣ በባዶ ወንበሮቹ መሃል ወጡ። ሚስት በቀኙ በኩል፣ ከትከሻው ሳትርቅ፣ ለሁለት ዓመት እንደሄደችው ሄደች። መርማሪዋ ከኋላ ተከተለች። በሩ ጋ ሲደርሱ ሚስት ወደ ተሸፈነው ፊት ጎንበስ አለች፤ ድምፅዋ ለሌላ ሰው ጆሮ የታሰበ አልነበረም።

«ደረጃ አለ» አለችው። «ሦስት።»

ተሸካሚዎቹ ሁለቱም ወደ እግራቸው አዩ።